ስፒች ቴራፒስት ለመሆን የሚቆጠረው የትኛው ሰዓት ነው?

«ስፒች ፓቶሎጂ ነው የምማረው» ያለች ልጅ ዘመድ ቤት የሚገጥማት ነገር ይታወቃል። «ንግግር ደግሞ በትምህርት ሆነ እንዴ?» ይላሉ እትዬ። ጋሼ በበኩላቸው ትንሽ አሰብ አድርገው «አሃ፣ ጋዜጠኝነት ነው» ይሏታል። ልጅቷ ተስፋ ሳትቆርጥ ታስረዳለች። የሚንተባተብ ልጅ፣ ኮልታፋ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ያልፈታ ልጅ ስትል «እሱማ ሲያድግ ይተወዋል» ይባልና ወሬው ከቡናው ጋር ወደ ቶና ያልፋል።

ሙያው ግን ከስሙ ይሰፋል። አሜሪካኖች ስፒች ላንጉጅ ፓቶሎጂስት ይሉታል። አውስትራሊያኖች ስፒች ፓቶሎጂስት፣ እንግሊዞች ደግሞ ስፒች ኤንድ ላንጉጅ ቴራፒስት ይላሉ። እኛ ስፒች ቴራፒስት ብለን ጨርሰናል። ሥራው ጡት መሳብ ካቃተው አራስ ይጀምርና ስትሮክ መትቷቸው ቃል እስከጠፋባቸው አዛውንት ይደርሳል። በመሃል የላንቃ መሰንጠቅ አለ፣ የመስማት ችግር አለ፣ ኦቲዝም አለ፣ ድምፃቸው የተዘጋባቸው መምህራንና ዘፋኞች አሉ። ብዙ ሰው የማይጠብቀው ደግሞ መዋጥን ነው። ምግብና ውሃ በትክክለኛው መንገድ መውረዱን የምትመረምረው ይህችው ባለሙያ ናት።

ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ስለዚህ ተማሪዋ ወደ ሥራ ቦታ ትላካለች። አገር ቤት አታችመንት ወይም አፓረንት የምንለው ነገር ነው። ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሄደሽ ሥሪ፣ ሰዓትሽን ሙይ፣ ተመረቂ። ነገሩ የሚወሳሰበው «ሰዓት» የሚባለው ላይ ነው። እዚህ በዋናነት የማወራው ስለ አሜሪካ ነው፤ የእኛ ሰው በብዛት ያለበት አገር ስለሆነና ሰዓት አጥብቆ ስለሚቆጥር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

እዚያ የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጠው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ነው። አሻ በሚል ምሕጻር ይታወቃል፤ የተቋቋመው በ1925 ነው። ማረጋገጫውን የምትፈልግ ተማሪ 400 ሰዓት የተግባር ሥልጠና ማስመዝገብ አለባት። 25ቱን ሰዓት ባለሙያ ሲሠራ ታያለች። 375ቱን ራሷ ትሠራለች። ከ400ው ቢያንስ 325ቱ ደግሞ በማስተርስ ደረጃ እየተማረች ያገኘችው መሆን አለበት።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው 400 ሰዓትን በ10 ሳምንት ይጨርሳል። ሁለት ወር ተኩል እንኳን አይሞላም። ማስተርሱ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ደርሳ «ሰዓት ጎደለኝ» እያለች እንቅልፍ የምታጣ ተማሪ አለች። ታዲያ ሰዓቱ የት ገባ?

ከ25ቱ የማየት ሰዓት ሌላ የሚቆጠረው ተማሪዋ ከታካሚው ወይም ከቤተሰቡ ጋር ሆና ስትመረምር፣ ስታክም ወይም ስታማክር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በነጻ ነው።

አንዲት ተማሪ እናስብ። ሰላም እንበላት። ነገ ጠዋት አንድ የ5 ዓመት ልጅ ታያለች። ልጁ «ክ» ማለት ስላቃተው «ካር» ለማለት «ታር» ይላል። ሰላም ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብላ ሥዕል ትቆርጣለች፣ ጨዋታ ታዘጋጃለች፣ ልጁ ቢሳሳት ምን እንደምትለው ትጽፋለች። አይቆጠርም። ጠዋት 40 ደቂቃ ትነዳለች። አይቆጠርም። ቀጠሮው የ30 ደቂቃ ነው፤ ልጁ 5 ደቂቃ አርፍዶ ይመጣል። 25 ደቂቃ ይመዘገባል፤ ወደ ላይ ማጠጋጋት አይፈቀድም። ቀጥላ ለእናቱ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለማመዱ 10 ደቂቃ ታስረዳለች። ይህ ይቆጠራል። ከሱፐርቫይዘሯ ጋር ስለ ልጁ ግማሽ ሰዓት ይነጋገራሉ። አይቆጠርም። ሪፖርት ትጽፋለች። እሱም አይቆጠርም። ግማሽ ቀኗ አለቀ፤ መዝገቧ ላይ ያለው 35 ደቂቃ ነው። ልጁ ጉንፋን ይዞት ቢቀር ኖሮ ዜሮ ነበር።

ሁለት ተማሪዎች አንድ ልጅ ይዘው ቢገቡም በመደበኛው አሠራር የሚቆጠርላት የምትሠራዋ ናት፤ አጠገቧ ቁጭ ያለችው አይደለችም። «እኔ ፈርሜልሻለሁ» የሚባል የለም።

ደንቡ መነሻው ገብቶኛል። ሪፖርት መጻፍና መኪና መንዳት ከተቆጠረ ሰው ሳያክም የሚመረቅ ይበዛል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ክፉ ነው። ተማሪዋ ታካሚ በቀረ ቁጥር ስለ ሰውየው ከመጨነቅ ስለ ደቂቃዋ ትጨነቃለች። በጣም የተማረችበት ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልተቆጠረው ይሆናል። ከሱፐርቫይዘሯ ጋር ቁጭ ብላ «ለምን እንደዚያ አልሽው?» የተባለችበት ግማሽ ሰዓት ማለቴ ነው።

ስለ ሱፐርቫይዘር ካነሳን አይቀር፣ ከሰዓቱም በላይ የሚከብደው መታየት ነው። ደንቡ ተማሪዋ ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ከምታሳልፈው ጊዜ ቢያንስ 25 በመቶው በቀጥታ እንዲታይ ያዛል። አንዱ ጋ ግማሹን አይቶ ሌላው ጋ ዜሮ በማድረግ ማቻቻል የለም። 25 ደግሞ ወለሉ ነው እንጂ ጣሪያው አይደለም። ጀማሪ ከሆነች ወይም ታካሚው ከባድ ከሆነ ሱፐርቫይዘሯ ጨርሶ ላትለያት ትችላለች። ሱፐርቫይዘር ለመሆን የሙያ ማረጋገጫው ብቻ አይበቃም። ካገኙት በኋላ ቢያንስ 9 ወር በሙሉ ጊዜ መሥራት ያስፈልጋል። ተማሪን ስለመከታተል ደግሞ ቢያንስ 2 ሰዓት መሠልጠን። 2 ሰዓት! ሰው ማስተማር እንደ ሩዝ ቅቅል ቶሎ የሚደርስ ይመስል።

አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ክሊኒክ ስላላቸው ጅማሬው እዚያ ነው። ተማሪዋ ውስጥ ከታካሚው ጋር ናት። ሱፐርቫይዘሯ ከወዲያ ማዶ፣ ከአንድ በኩል ብቻ በሚያሳይ መስታወት ወይም በካሜራ ታያታለች። ተማሪዋ የምታየው የራሷን መልክ ነው። አማች ፊት ወጥ እንደመሥራት ነው፤ የምታውቂው ሁሉ ይጠፋል።

መጀመሪያ የሚታረመውም ስህተት የዕውቀት አይደለም፤ ዝም ማለት አለመቻል ነው። ስትሮክ የመታቸውን ሰው እናስብ። አፌዥያ የሚባለው ችግር አለባቸው፤ የሚሉትን ያውቃሉ፣ ቃሉ ግን አልመጣ ይላቸዋል። ተማሪዋ «ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?» ትላለች። ሁለት ሴኮንድ ያልፋል። ጭንቀት ይይዛታል። «ቁርስ ማለቴ ነው፣ ጠዋት፣ ዳቦ ነው የበሉት?» ስትል አዛውንቱ እየደረሱበት የነበረው ቃል እንደ ወፍ በረረ። ጥያቄውን ከመጀመሪያው መስማት ሊኖርባቸው ነው። ሱፐርቫይዘሯ በኋላ የምትነግራት አንድ ቃል ነው፤ «ጠብቂ»። የሚንተባተብ ሰውም ጋ እንደዚሁ ነው። ቃሉን ልጨርስለት ማለት ከደግነት የሚመጣ ነገር ነው፤ ለሰውየው ግን ከአፉ እንደ መንጠቅ ይሆናል። እኛ ደግሞ ዝምታ ሲረዝም ጨዋታ መጣል የለመድን ሕዝብ ነን። ይህን ልማድ መተው ለሐበሻ ልጅ እጥፍ ሥራ ሳይሆንባት አይቀርም።

ከክሊኒኩ በኋላ ወደ ውጭ ነው። ትምህርት ቤት አንዱ ነው። በአሜሪካ ከባለሙያዎቹ ግማሽ ያህሉ የሚሠሩት በትምህርት ቤቶች ስለሆነ ተማሪዎቹም እዚያ መሄዳቸው አይቀርም። ልጆቹ በቡድን ይታያሉ፣ ስብሰባው ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ተራራ ነው። ሰዓት ግን ቶሎ ይሞላል።

ሆስፒታል ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ከምላስ ይልቅ ጉሮሮ ይበዛል። ስንውጥ የአየር ቧንቧችን ለአፍታ ይዘጋል። ስትሮክ የመታው ሰው ላይ ይህ ቅንጅት ሊዛባና ውሃው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። «ትን አለው» እንላለን። ትን ብሎት ከሳለ ደግ ነው፤ ሰውነቱ እየተከላከለ ነው። የሚያስፈራው ሳያስለው የሚገባው ነው። ሰውየው ምንም አልተሰማውም፣ ቀናት ቆይቶ ግን የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል። አልጋ አጠገብ ቆሞ በማየት ብቻ ይህን ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ አንዱ መንገድ የኤክስሬይ ቪዲዮ ነው። ታካሚው ባሪየም የሚባል በኤክስሬይ የሚታይ ነገር የተቀላቀለበት መጠጥና ምግብ ይውጣል፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ነገር ወዴት እንደሚወርድ ይታያል። ተማሪዋ ከባዱን የእርሳስ ሽርጥ ታጥቃ ትቆማለች። ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሆነውን ነገር ማየት መማር አለባት።

ከዚያ ምን ይብሉ የሚለው ይመጣል። ምግብና መጠጥ የሚመደብበት ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ፤ ከ0 እስከ 7 ነው። 0 እንደ ውሃ ያለ ቀጭን መጠጥ ነው። 7 እኛ በየቀኑ የምንበላው ነው። የመጠጥ ውፍረት በግምት አይለካም። 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውስጥ ተጨምሮ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ስንት እንደቀረ ይታያል። አጥሚት ስንተኛ ቁጥር ነው? እንደ አሠራሩ ነው፤ የእናቴ ሲሪንጁን የሚያልፍ አይመስለኝም።

ታካሚው የእኛ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ቤተሰቡ ዶሮውን በፌስታል ይዞ ይመጣል። «ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!» ይባላል። ጉርሻው ከነፍቅሩ ወደ አፋቸው ይሄዳል። ተማሪዋ እዚያ ቆማለች። ሰውየው ያለባቸውን ችግር በኤክስሬይ አይታለች። ያንን እጅ ሳታስቀይም መመለስ፣ ከዚያም ቤተሰቡን ቁጭ አድርጋ ምን መስጠት እንደሚችሉ ማሳየት አለባት። ደግነቱ ቤተሰብ ማማከር ስለሆነ ይህኛው ይቆጠርላታል።

ችግሩ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘቱ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ ሆስፒታል ይፈልጋል፤ ተማሪ የሚቀበል ሆስፒታል ግን አይበዛም። ምክንያቱ ገንዘብና ጊዜ ነው። ሜዲኬር የተባለው የአዛውንቶች የመንግሥት መድን በተመላላሽ ሕክምናው በኩል ለተማሪ ሥራ አይከፍልም። የሚከፍለው ባለሙያዋ እዚያው ክፍል ሆና ሥራውን ስትመራና ውሳኔውን ራሷ ስትሰጥ ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ ታካሚ ማየት አትችልም። ስለዚህ ተማሪ የያዘች ባለሙያ ሥራዋ ይዘገያል፣ አለቃዋ «ዛሬ ስንት ሰው አየሽ?» ይላታል። ለማስተማሯ ተጨማሪ የሚከፈላትም እምብዛም አይገኝም። ፈቃደኛ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ እነሱም በዚያው መንገድ ያለፉ፣ ልባቸው የሚራራ ሰዎች ናቸው። ትልቅ ሙያ በሰው ርኅራኄ ላይ ቆሞ ማየት ትንሽ ያሳዝናል።

ለተማሪዋም ነጻ አይደለም። አብዛኛው ምደባ ደመወዝ የለውም። እንደ ኮርስ ስለሚቆጠር እንዲያውም ከፍላ ነው የምትሠራው። ቤንዚኑ፣ ክትባቱ፣ የጣት አሻራ ምርመራው ሲደመር ቀላል አይደለም። ማታ ማታ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ እንቅልፏን ነው የምትሸጠው። አውስትራሊያ ይህን አይታ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በተግባር ሥልጠና ላይ ላሉ ተማሪዎች ገንዘብ መክፈል ጀምራለች፤ ሲጀመር በሳምንት 331.65 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። የሚያገኙት ግን የመምህርነት፣ የነርስነት፣ የአዋላጅነትና የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ናቸው። ስፒች ፓቶሎጂ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ቋንቋ እንምጣ፤ ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ስለሆነ። የአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ አንድ ልጅ ሲመረመር በተቻለ መጠን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲሆን ያዛል። ቤቱ አማርኛ የሚነገር ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ገባ እንበል። መምህሯ «አይናገርም፣ ሲናገርም ይሳሳታል» ብላ ወደ ስፒች ላከችው። ልጁ «ቲንክ» ማለት ሲገባው «ሲንክ» ይላል፤ አማርኛ ያ ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣበት ድምፅ የለውም። «ሺ» (እሷ) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይዘለዋል፤ እኛ «መጣች» ስንል ግሡ ውስጥ ሴትዮዋ አብራ ስላለች ሌላ ቃል አያስፈልገንም። ይህ በሽታ አይደለም። የአንዱ ቋንቋ ልማድ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው። ተማሪዋ ልዩነትን ከችግር መለየት መማር አለባት፤ ካልተማረች ጤነኛው ልጅ ታካሚ ይሆናል፣ እውነተኛ ችግር ያለበት ደግሞ «ቋንቋ ነው፣ ይለቀዋል» ይባልና ይቀራል።

ፈተናውን ተርጉሞ ማቅረብም አያዋጣም። ነጥቡ የተሠራው እንግሊዝኛ በሚናገሩ ልጆች ልክ ነው፤ ሲተረጎም ነጥቡ ትርጉም ያጣል። በዚያ ላይ አማርኛ የራሱ ረቂቅ ነገሮች አሉት። «አለ» ብለን ጽፈን ስናላላው ተናገረ ማለት ነው፣ ስናጠብቀው ደግሞ ይኖራል። «ገና»ም ያው ነው፤ ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ጠ፣ ጨ፣ ቀ የሚፈነዱት ድምፆች እንግሊዝኛ ውስጥ ቦታ የላቸውም። አማርኛ የማትሰማ ሱፐርቫይዘር ልጁ ማጥበቅ ማላላት ቢያቅተው በምን ታውቃለች?

እዚህ ላይ አማርኛ የምትችለዋ ተማሪ ወርቅ ትሆናለች። ወርቅ መሆን ደግሞ ጣጣ አለው። «እስኪ ነይ ተርጉሚልን» ትባላለች። እየተረጎመች ብቻ ከሆነ መመርመርም ማከምም አይደለም፤ ሥልጠናዋ ቆሞ የሌላ ሰው ሥራ እየሠራች ነው። ራሷ በአማርኛ ስትመረምር ደግሞ የምትገመግማት ሰው ያለችውን አትሰማም። ብልህ ሱፐርቫይዘር የሠለጠነ አስተርጓሚ ታስጠራለች፤ ከክፍለ ጊዜው በፊትም በኋላም ሦስቱ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። ሳልረሳው አንድ ነገር ልጨምር። «ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር የተሰጣችሁ ወላጆች ካላችሁ ሁለት ቋንቋ የቋንቋ እክል አያመጣም። እክል ያለበትም ልጅ ቢሆን ሁለት ቋንቋ መያዝ ይችላል።

ሁሉም አገር ግን እንደ አሜሪካ ደቂቃ አይቆጥርም። እንግሊዝ በክፍለ ጊዜ ትቆጥራለች፤ ግማሽ ቀን አንድ ተብሎ 150 መሙላት ይጠበቃል። አውስትራሊያ ከቁጥሩ ይልቅ ችሎታውን ታያለች። ኮምፓስ የሚባል መገምገሚያ አላቸው፤ በ2006 የወጣ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ተማሪዋ ያለችበትን ቦታ በመስመር ላይ ምልክት ታደርጋለች። መስመሩ ከጀማሪ ይነሳል፣ በመካከለኛ ያልፋል፣ ሥራ ለመጀመር ብቁ እስከሚለው ይደርሳል። ምደባው ሲጋመስ አንዴ፣ ሲያልቅ አንዴ ይሞላል። አመዛዝኖ መወሰን፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ከስህተት መማርና የሙያ ሥነ ምግባርም አብረው ይለካሉ። እኔን ብትጠይቁኝ የአውስትራሊያው ይሻላል፤ ተማሪዋ 380 ሰዓት ሞልታ ዛሬም «ጠብቂ» የምትባል ከሆነ 400 ስትሞላ ምን ሊለወጥ? ለሰዓት ግን አንድ ነገር ይመሰከርለታል። አያዳላም። ሱፐርቫይዘሯ ብትወዳትም ባትወዳትም 25 ደቂቃ 25 ደቂቃ ነው።

የቦታ እጥረቱን ለማስታገስ ሲሙሌሽን መጥቷል። ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰው፣ አሻንጉሊት ወይም ኮምፒውተር ላይ ያለ ታካሚ ማለት ነው። አሻ ከ400ው እስከ 75 ሰዓት በዚህ እንዲሞላ ይፈቅዳል። አውስትራሊያ ውስጥ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተደረገ ጥናት ከምደባ ጊዜያቸው 20 በመቶው በሲሙሌሽን የተተካላቸው ተማሪዎች ችሎታቸው ከሌሎቹ አላነሰም። ተዋናዩ ግን ዶሮ ወጥ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የለውም።

400ው ሲሞላ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ፕራክሲስ የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 162 ነው። ከዚያ ቢያንስ 36 ሳምንት፣ 1,260 ሰዓት በአንድ አማካሪ ሥር መሥራት ይቀራል። በዚህ ጊዜ ቢያንስ 18 ጊዜ ትታያለች። ይህኛው ደመወዝ አለው፤ ከሰዓቱም 80 በመቶው ሕክምናውን በቀጥታ የሚመለከት ሥራ መሆን አለበት። ሪፖርት መጻፍ እዚህ ላይ ይቆጠራል። በመጨረሻ!

እናንተ ወላጅ ወይም ታካሚ ሆናችሁ «ዛሬ ተማሪ ታያችኋለች» ብትባሉ መደንገጥ አያስፈልግም። ተማሪ መሆኗ ሊነገራችሁ ይገባል፤ ይህ የሙያው ሥነ ምግባር ነው። ሱፐርቫይዘሯ ማን እንደሆነች ጠይቁ፣ የት ሆና እንደምታይም ጠይቁ። ካልፈለጋችሁ አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ። ከተስማማችሁ ግን በሰዓቱ ድረሱ። 5 ደቂቃ ባረፈዳችሁ ቁጥር ከመዝገቧ የሚጎድለው 5 ደቂቃ ነው።